ወሬና ወረፋ፦ አዲስ መኪና በአቃቂ ቃሊቲ በር

አዲስ አበባ ከባሕር ማዶ የሚመጣላትን ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ የተቀበለችው በአመዛኙ በደቡብ በሯ፣ በአቃቂ በኩል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ ከመግባቱ በፊት አቃቂን አልፏል፤ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ የተገነባው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ሐዲዱንና መንገዱን ተከትለው በዚሁ ሜዳ ተተከሉ፤ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም መነሻው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ የወረደ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ካልቀረ በስተቀር ቃሊቲ ጉምሩክ ይደርሳል፤ እዚያ ቀረጡ ተሰልቶ እስኪከፈልና መልቀቂያው እስኪሰጥ ድረስ ይቆማል። ስለዚህ በከተማዋ አዲስ መኪና አዝዞ መጠበቅ ምን እንደሚመስልና በየዘመኑ ለምን እንደተራዘመ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ መመልከቻ አያገኝም።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባቡሩ ቀድሞ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል ለወራት ተጉዞ አዲስ አበባ አደረሰና ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ፤ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ሰሞን ናከ የተባለች መኪና ይዞ ገባ። የእነዚያ መኪኖች መዘግየት ምክንያቱ ለዓይን የሚታይ ነበር፤ ወንዝ ነበር፣ ዓለት ነበር፣ የመንኰራኩር ስብራት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው መዘግየት ግን ገዢው ሊያየው በማይችለው ቦታ፣ በታይዋን ፋብሪካ ውስጥና በባንክ መዝገብ ላይ የሚፈጠር ሆነ። ምክንያቱ ከዓይን ሲሰወር ደግሞ ቦታውን የሚይዘው ወሬ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመኪና ንግድ በጥቂት ወኪል ድርጅቶች እጅ ነበር፤ በደርግ ዘመን የውጭ ንግዱ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሲውል የግል መኪና ማስመጣት የጥቂቶች ዕድል ሆኖ ቀረ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት ግን ከአዲሱ ይልቅ ያገለገለው መኪና ጎልቶ ወጣ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የጉምሩክ አሠራሩ ራሱ ነበር፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ለቀረጥ የሚያዘው ዋጋ በእርጅና ቅናሽ ዝቅ ስለሚል፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ከዱባይ ተገዝታ ስትገባ የሚከፈልባት ግብር ከአዲሷ እጅግ ያነሰ ነበር። አዲስ መኪና፣ በገበያው ቋንቋ «ዜሮ ዜሮ»፣ በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኤምባሲዎች፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና የጥቂት ባለሀብቶች ግዢ ሆኖ ኖረ።

ይህን ለመለወጥ የታሰበው በአገር ውስጥ መገጣጠም ነበር። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ ማብቂያ ሥራ ጀምሮ አባይ የሚል ስም የተሰጣትን መኪና ሞጆ አጠገብ መገጣጠም ጀመረ፤ የቻይናው ሊፋን ተከተለ፤ መቀሌ ላይ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ፔዦን፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተር ህዩንዳይን ገጣጠሙ። መገጣጠም ማለት ግን ክፍሎቹን እዚሁ መሥራት ስላልሆነ፣ ተፈታትቶ በሣጥን የሚመጣው እያንዳንዱ ዕቃ በዶላር መገዛት ነበረበት። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ የብርን የመግዛት አቅም በአንድ ጊዜ በ20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ በብር ዋጋ ተዋውሎ ቅድመ ክፍያ የተቀበለ ሁሉ በዶላር የሚገዛውን ዕቃ ማሟላት ከበደው፤ ሆላንድ ካርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለኪሳራ ተዳረገ። የአዲስ መኪና ገዢ በዚያ ወቅት የተማረው ትምህርት ለሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ አብሮት ኖረ፦ ውሉ የሚፈረመው በብር ቢሆንም መኪናው የሚመጣው በዶላር ነው።

ወረፋ የሚለው ቃል በመኪና ንግድ ውስጥ የያዘውን ልዩ ትርጉም እዚህ ላይ ማብራራት ያስፈልጋል። አስመጪው ከውጭ ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለትም ፕሮፎርማ፣ ይቀበልና ባንክ ሄዶ ኤልሲ እንዲከፈትለት ያመለክታል፤ ኤልሲ ባንኩ ለውጭው ሻጭ «ዕቃው በስምምነቱ መሠረት ከተጫነ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚሰጠው የዋስትና ሰነድ ነው። ባንኩ ይህን ለማድረግ ዶላር ሊኖረው ስለሚገባ አመልካቾች በተራ ይመዘገቡ ነበር፤ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የመሳሰሉት መሠረታዊ ዕቃዎች ቅድሚያ ያገኙ ስለነበር የቤት መኪና ከተራው ጅራት ይሰለፍ ነበር። ተራው በማይንቀሳቀስበት ጊዜ አንዱ አስመጪ ለአንዱ ዕቃ በሁለትና በሦስት ባንክ ወረፋ ይዞ ቀድሞ በደረሰለት መጠቀም የታወቀ ዘዴ ሆነ፤ ዘዴው ለእያንዳንዱ አስመጪ ብልህነት ቢሆንም መዝገቡን በሌለ ፍላጎት ስለሚያሳብጠው የሁሉንም ወረፋ አስረዘመ። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ከታይዋን በሚመጣው ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይገኛል።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ የኤክሳይዝ ታክስ ረቂቅ አዋጅ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት መራ። ኤክሳይዝ ታክስ መንግሥት የቅንጦት ወይም ጉዳት ያስከትላሉ በሚላቸው ዕቃዎች ላይ ከመደበኛው ቀረጥ በተጨማሪ የሚጥለው ግብር ሲሆን፣ ረቂቁ ያረጁ መኪኖች አየር ይበክላሉ፣ አደጋም ያበዛሉ በሚል ምክንያት ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ልክ አቀረበ። የረቂቁ ወሬ ከረቂቁ ይልቅ ፈጥኖ ሄደ። ፓርላማው ገና ሳይወያይበት የመኪና ዋጋ በቀናት ውስጥ ዘለለ፤ ሻጩ ነገ ይወደዳል ብሎ መኪናውን ሸሸገ፤ ገዢው ደግሞ ግማሹ ሳይብስ ልግዛ ሲል ግማሹ ይርገብ ብሎ ቆመ፤ ከዱባይ ገዝቶ መኪናው በባሕር ላይ የነበረበት ሰው በየትኛው ሕግ እንደሚቀረጥ የሚነግረው አጥቶ ከትራንዚተር ትራንዚተር፣ ማለትም ከአንዱ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ወደ ሌላው፣ እየተመላለሰ ጠየቀ። አዋጁ በቁጥር 1186/2012 የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ለአዲስና ለአነስተኛ መኪኖች ከረቂቁ ይልቅ የለዘበ ሆኖ ተገኘ፤ የሞተር ጉልበታቸው እስከ 1,300 ሲሲ በሆነ አዳዲስ መኪኖች ላይ በረቂቁ የታሰበው 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አለ። ይሁን እንጂ በወሬው የወጣው ዋጋ በአዋጁ አልወረደም።

የግብሩ አሰላል ወሬውን የሚያቀጣጥል ጠባይ ነበረው፤ አንዱ ግብር በሌላው ላይ እየተደረበ ስለሚሰላ ትንሹ ለውጥ መጨረሻ ላይ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ለአብነት ያህል ጅቡቲ ድረስ 100 ብር የወጣበት መኪና 30 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት 130 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 60 በመቶ ኤክሳይዝ ሲታከል 208 ይደርሳል፤ በ208ቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 239 ብር ከ20 ሳንቲም፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 263 ብር ከ12 ሳንቲም ይመጣል። የመነሻው 100 ብር በምንዛሪ ለውጥ ወደ 130 ከፍ ቢል መድረሻው ከ342 ብር ይበልጣል። ይህን ስሌት በወረቀት ሳይሆን በልምድ የሚያውቀው ደላላ «ሊጨምር ነው» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ሰምቶ ዋጋውን ቢቀይር የሚያስደንቅ አይሆንም።

አዋጁ ከጸደቀ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ሰሞን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የመኪና ፋብሪካዎች በራቸውን ዘጉ፤ ሰው መኪና መግዛት ያቆማል ብለው ስላሰቡም ለክፍል አቅራቢዎቻቸው የሰጡትን ትእዛዝ ሰረዙ። ከተሰረዙት መካከል ቺፕ ይገኝበታል። ቺፕ ማለት ከአሸዋ ከሚጣራው ሲሊከን በተሠራ ስስ ገበታ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች በብርሃን ኃይል የሚቀረጹበት፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ ሲሊከን ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ሙሉ በሙሉ የማያሳልፍ፣ እንደ እንጨትም ሙሉ በሙሉ የማይከለክል በመሆኑ ግማሽ አስተላላፊ ይባላል። በአንድ ዘመናዊ መኪና ውስጥ ከሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቺፖች ይገኛሉ፤ የአቃቂ ጋራዥ ሠራተኞች በጥቅሉ «ኮምፒዩተሩ» ከሚሉት የሞተር መቆጣጠሪያ አንሥቶ እስከ ፍሬን፣ እስከ ኤርባግ፣ እስከ መስኮት ማውረጃና ቁልፍ ድረስ ያለ ቺፕ የሚሠራ የለም።

ፋብሪካዎቹ የሰረዙት ትእዛዝ ክፍት ሆኖ አልጠበቃቸውም። ሰው ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ ኮምፒዩተር፣ ስልክና ቴሌቪዥን በብዛት ስለገዛ የቺፕ ፋብሪካዎች መስመራቸውን ወደዚያ አዞሩ፤ የመኪና ፍላጎት በእ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ ከታሰበው ቀድሞ ሲመለስ መኪና ሠሪዎቹ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመው ተገኙ። አንድ ቺፕ ከገበታው ተነሥቶ እስኪጠናቀቅ ሦስትና አራት ወር የሚፈልግ በመሆኑ ትእዛዙን ማፋጠን አልተቻለም፤ የመኪና ቺፖች ደግሞ በአብዛኛው በአሮጌ የምርት ዘዴ የሚሠሩና ትርፋቸው አነስተኛ ስለሆነ ማንም አዲስ ፋብሪካ ሊሠራላቸው አልቸኮለም። በዚህ ላይ የተፈጥሮና የሰው አደጋ ተደራረበ። በየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) በቴክሳስ የወረደው ብርድ መብራት አጥፍቶ የቺፕ ፋብሪካዎችን አስቆመ፤ በመጋቢት 19 የጃፓኑ ሬኔሳስ ናካ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ከአራት ቀን በኋላ ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ዘጋች፤ ታይዋን በድርቅ ተመታች፤ ቺፕ የሚታሸግባት ማሌዢያም በወረርሽኙ ተዘጋች። ከእ.ኤ.አ. 2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ተምሮ አቅራቢዎቹ የወራት ቺፕ እንዲያከማቹ ያስደረገው ቶዮታ እንኳ፣ ሌሎች ሲቆሙ ለጊዜው ቢቋቋምም፣ በነሐሴ 2021 የመስከረምን የዓለም ምርቱን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ።

በዚህ መካከል ግን ከእጥረቱ የሚለይ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የእጥረቱ ወሬ ነው። ቺፕ ይጠፋል የሚለው ዜና ሲሰማ አንድ ሺህ የሚያስፈልገው ሁለት ሺህ አዘዘ፤ ከአንዱ ያዝዝ የነበረው ከሦስቱ አዘዘ። ለሌሎች ድርጅቶች በትእዛዝ ቺፕ ከሚያመርቱት ሁሉ የዓለም ትልቁ የሆነው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ የያኔው ሊቀ መንበር ማርክ ሊዩ በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፋብሪካዎች የተላከው ቺፕ ተመርቶ ከወጣው ዕቃ እንደሚበልጥ፣ በመካከል የሚያከማች ሰው እንዳለ ለመጽሔት ተናግረዋል። የአቅርቦት ምሁራን ይህን የጅራፍ ውጤት ይሉታል፤ የእጀታው ትንሽ ንቅናቄ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትልቅ ምት እንደሚሆን ሁሉ፣ በገዢው ዘንድ የተፈጠረ ትንሽ ስጋት ወደ አምራቹ ሲወጣ እየተባዛ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ባንኮች በሁለትና በሦስት መዝገብ ወረፋ ይይዝ የነበረው አስመጪ ያደረገውና የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ያደረጉት ተመሳሳይ ነው፤ የተለያየው የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው። ይህን ተመሳሳይነት ማየት ተገቢ የሚሆነው የአገር ውስጥ ገበያተኛ ብዙ ጊዜ በስግብግብነት ብቻ ስለሚታማ ነው፤ እርግጠኛ መረጃ በሌለበት ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው በየትም አገር ቦታውን ሊያባዛ ይሞክራል።

የቺፑ እጥረት አቃቂ ቃሊቲ የደረሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ምርት ሲያንስ አምራቾች መኪናውን በብዛትና በጥሩ ዋጋ ለሚሸጡበት ገበያ ስለሚያደሉ፣ እንደ ኢትዮጵያ በዓመት ጥቂት አዲስ መኪና የሚገዛ አገር ድርሻው መቀነሱ ነው። ሁለተኛው በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ያጣ ሰው ወደ አሮጌው መዞሩ ነው፤ በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ጨምሮ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ሲመዘገብ፣ ጭማሪው ለኢትዮጵያ ገዢዎች በሚያቀርበው የዱባይ ገበያ ላይም ተሰማ። ሦስተኛው የመርከብ ኪራይ ነው፤ የአንድ ትልቅ ኮንቴይነር አማካይ የዓለም ኪራይ ከወረርሽኙ በፊት 2 ሺህ ዶላር እንኳ የማይሞላ የነበረው በመስከረም 2021 ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ፤ ቀረጡም የሚሰላው ኪራዩ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሆነ ገዢው በዚያ ላይ ግብር ከፈለበት።

ላንድክሩዘር በዚህ ወቅት የወሬው ዋና መናኸሪያ ሆነች። ቶዮታ በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) አዲሱን ላንድክሩዘር 300 ካቀረበ በኋላ፣ በጥር 2022 በጃፓን አገር ለሚያዝዙ ገዢዎች እስከ አራት ዓመት ሊጠብቁ እንደሚችሉ ገለጸ፤ መኪናዋን ገዝተው ወዲያው ወደ ውጭ እንዳይሸጡ ገዢዎችን ቃል የሚያስገባ ውልም ተደነገገ። አራት ዓመት የሚለው ቁጥር ዓለምን ዞረ፤ የዞረው ግን ለብቻው ነበር። ድርጅቱ መዘግየቱ ከቺፕ እጥረቱ ጋር የማይገናኝ፣ ከተፈላጊነቷ የመጣ መሆኑን መግለጹን ጥቂት ሰው ብቻ ሰማ። ወሬ ሲጓዝ ሁልጊዜ ውሸት ይዞ ላይሄድ ይችላል፤ እውነተኛውን ቁጥር ከምክንያቱ ለይቶ ይዞ መሄዱ ብቻ ይበቃዋል።

እንደዚያም ሆኖ የኢትዮጵያን ገዢ ለዓመታት ያስጠበቀው ዋናው ምክንያት ቺፑ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ የመቀሌው የፔዦ መገጣጠሚያ ሥራው ተቋረጠ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕርዳታና ብድር ቀነሰ፤ የነዳጅ፣ የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋ ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ሲያሻቅብ ያለውን ዶላር እነርሱ ወሰዱት። በይፋው ምንዛሪና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄደ። መኪና ያዘዘ ሰው «ለምን ቆየ» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ቺፕ የሚል ነበር፤ ምክንያቱ ከውጭ የመጣ፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ለማስተባበልም የሚከብድ መልስ በመሆኑ ነው። በእውነት ቺፕ ያስቆመው መኪና ነበረ፤ ኤልሲ ያልተከፈተለት መኪናም ነበረ፤ ገዢው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የባንኩ ወረፋ ስንት እንደደረሰ፣ አምራቹ መኪናውን ሠርቶ እንደሆነና መርከቡ ተነሥቶ እንደሆነ ቢነገረው ኖሮ ግማሹ ወሬ ሥር አይሰድም ነበር፤ ይህን መረጃ ለገዢው መስጠት የማንም ግዴታ ሳይሆን መቆየቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቺፑም ከዶላሩም የከፋ ጉድለት ነው።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የወሰነባቸውን 38 የዕቃ ዓይነቶች ለብሔራዊ ባንክ ላከ፤ አውቶሞቢሎችም ከዝርዝሩ ገቡ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የተጓተተው ወረፋ በአንድ ደብዳቤ ቆመ። የሚገርመው በዚያው ወር ቶዮታ በጃፓን የሚሸጣቸው አንዳንድ መኪኖች ሁለት ዘመናዊ ቁልፍ ይዘው መሄዳቸው ቀርቶ አንዱ ተራ የብረት ቁልፍ እንዲሆን መወሰኑ ነው፤ ቺፑን ቆጥቦ መኪናውን ቶሎ ለማስረከብ ሲል ነበር። በጃፓን መኪና እንዳይዘገይ አንድ ቁልፍ ሲቀነስ፣ በአዲስ አበባ ዶላር እንዳይወጣ መኪናው ራሱ ተቀነሰ።

መንገዱን የቀየረው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በእ.ኤ.አ. 2022 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተሟልቶ ለሚመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ ጣለ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ ለሚመጣ ደግሞ ምንም አላስከፈለም። ከላይ በ100 ብር ምሳሌ የታየው የተደራረበ ስሌት በዚያ ጊዜ በ115 ብር ይቆም ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት ሲያስታውቁ፣ የ2012ቱ ትርምስ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ የነዳጅ መኪና ዋጋ ወጣ፤ በመንገድ ላይ ያለው መኪና ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ከቃሊቲ እስከ ጅቡቲ ተሰማ፤ እገዳው ይነሣል የሚል ወሬም ይጠፋና ይመለስ ጀመር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር አለፈ፤ በወራትም ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ቢነሣም የነዳጅ አውቶሞቢል እገዳ ግን ጸንቶ ቀረ። ባንክ ሄዶ ዶላር ማግኘት ከዚያ ወዲህ ከቀድሞው የተሻለ ሆነ፤ ወረፋው ያጠረው ግን ዶላሩ በመወደዱ ጭምር ነው፤ መግዛት ያልቻለ ሰው ከሰልፉ ወጥቷልና።

ባለሥልጣናት ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ አገሪቱ መግባታቸውን ገልጸዋል። አብዛኞቹ የቻይና ሥሪት ናቸው፤ የቻይናው ቢዋይዲ ከራሱ የቺፕ ድርጅት ስለሚጠቀም በእጥረቱ ዘመን ከብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ ያነሰ ጉዳት ደርሶበታል። የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጁ በእጅጉ የበዛ ቺፕ የሚይዝ በመሆኑ፣ የአቃቂ ጋራዦች ሥራም አብሮ ተለወጠ፤ ሞተሪስቱና ባትላሜራው ለዘመናት በያዙት ሥፍራ አሁን የመኪናውን ኮምፒዩተር በላፕቶፕ የሚያነብ፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የቻይንኛ ማስጠንቀቂያ በስልኩ ካሜራ የሚያስተረጉም ወጣት ገብቷል።

በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ የኔዘርላንድ መንግሥት የቻይና ንብረት የሆነውን ኔክስፔሪያ የተባለ የቺፕ ድርጅት በቁጥጥሩ ሥር አዋለ፤ ቻይናም በጥቅምት መጀመሪያ በአገሯ የሚታሸጉት የድርጅቱ ቺፖች እንዳይወጡ ከለከለች። ቺፖቹ አንዱ ከጥቂት ሳንቲም የማይበልጥ ዋጋ ያላቸው ተራ ቁራጮች ሲሆኑ፣ ሆንዳ ግን በእነርሱ ማነስ የሜክሲኮ ፋብሪካውን አስቆመ። በኅዳር ወር ክልከላው ለሲቪል አገልግሎት በሚውሉት ላይ ላላ፤ የኔዘርላንድ መንግሥትም ትእዛዙን አገደ። ዜናው እንደ እ.ኤ.አ. 2021ዱ ሁሉ ከዕቃው ቀድሞ ዓለምን ዞረ። በዚያን ሰሞን በቃሊቲ የጉምሩክ ቅጥር መቀመጫቸው ከነፕላስቲኩ፣ መስታወታቸው ላይ የሻንሲ ቁጥራቸው በነጭ ቀለም ተጽፎባቸው፣ አቧራ የጠጡ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች መልቀቂያቸውን እየጠበቁ ቆመው ነበር፤ ትራንዚተሮቹም የጉምሩክ ዲክላራሲዮናቸውን ይዘው በመስኮቱ ፊት ተሰልፈው ነበር።